አሥራ ስድስት ስንት ነው?

እኛ ጎጃም፣ ጅጋ ከተማ፣ አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ ደጃፍ ላይ ከተቀመጠች መንገደኛ ሁሉ መምህር ነው። ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው፣ ከወፍጮ ቤት የሚመለሰው፣ ባጃጅ የሚጠብቀው፣ ምንም የማይጠብቀውም ጭምር አንገቱን ሰገግ አድርጎ ደብተሩን ያያል። አይቶ ቢያልፍ ምን ነበረበት! "እስኪ እስክሪብቶውን ወዲህ በይ" ይላል።

እስክሪብቶው ቀይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ወዮላት። በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰው ዕቁብ ይመዘግባል፣ ስልክ ቁጥር ይይዛል፣ ይፈርማል። ቀይ ሲጨብጥ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ሌላው ሁሉ ይጠፋውና ስሕተት ብቻ ይታየዋል። ስሕተት ቢያጣ እንኳ አንድ ነገር ሳያከብብ አይነሣም። ቀይ ቀለም ሳይነካኩ መመለስ ኃጢአት ይመስለዋል።

ሦስተኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን "ፀሀይ ወጣች" ብላ ጻፈች። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ተነሥቶ መጣና "በሐመሩ ሐ ነው እንጂ!" አለ፤ ፀሐይ ሆነች። ለእረፍት ከባሕር ዳር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀጠለና "በጸሎቱ ጸ ነው" አለ፤ ጸሐይ ሆነች። ነጠላውን አጣፍቶ ከሠርክ ጸሎት የሚመለስ ዲያቆን ሁለቱንም ገሠጸና ፀን መልሶ፣ ሐን ወደ ራብዕ ገፋት፤ ፀሓይ ሆነች። ሦስቱ ገና ሲከራከሩ የልጅቱ እናት ከጓዳ ብቅ አለችና "ኧረ ፀሐይዋስ ገብታለች! ልጅቱን ለእራት ልቀቁልኝ" አለች።

እኔ ግን ነገሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ያዝሁት። ጸ ሁለት ናት፤ ጸሎቱና ፀሐዩ። ሀ ስድስት ናት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ግዕዙም ራብዑም በእኛ አፍ አንድ ድምፅ ነውና ልጅ በጆሮዋ ብቻ ልትለያቸው አትችልም። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት። አንዲት ፀሐይ አሥራ ሁለት ሆና ትወጣለች ማለት ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም በዚሁ ስሌት ብንሠራው ኃ ስድስት፣ ሥ ሁለት፣ ሴ ሁለት፤ 24 ይመጣል። ጃንሆይ አንድ ሰው፣ ሃያ አራት አጻጻፍ ነበሩ።

ፊደልን በሒሳብ ከመረመርን ዘንድ ሒሳብንም በፊደል እንመርምራት። 16 በአኃዝ ሲጻፍ ማንንም አያጣላም። በግዕዙም ፲፮ ብሎ ማለፍ ነው። "በፊደል ጻፊ" ሲባል ነው ጉድ የሚፈላው። አ አራት ናት፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። ሥ ሁለት። ስድስት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ስዎች ደግሞ ሁለት ሁለት። 4 × 2 × 2 × 2 ሲባዛ 32። አሥራ ስድስት እጥፏን አክላ ቁጭ አለች! አሥራ አምስትማ ባሰች፤ 64 ናት።

እንግዲህ ልጅቱ 9 እና 7ን ደምራ 16 ካገኘች ሥራው እኮ አለቀ። ግን "በፊደል" የምትል አንዲት ቃል ጥያቄው መጨረሻ ላይ ተሸጉጣለች። ከ32ቱ አንዱን ትመርጣለች፤ ቀዩን የያዘው ሰው በልቡ ሌላውን መርጦ ይጠብቃታል። የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው ይህን አይቶ ይሆን?

የመንደራችን የአብነት መምህር የኔታ ዘንድ ሄጀ ይህን ስሌት ሳሳያቸው አልሣቁም። ዳዊታቸውን አጠፍ አደረጉና "ሠላሳ አንዱ ስሕተት ነው" አሉ። ዐሥር ከግዕዙ ዐሠርቱ ስለመጣች በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሥ ትጻፋለች፤ ስድስት ግን በሁለቱም ቦታ በእሳቱ ስ። በቃ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራን ቅኔ ቤት ረግጦ ለመጣ ሰው የተሳተ ፊደል በቆሎ መካከል ጥርስ ላይ እንደሚገኝ ጠጠር ነው። የኔታ ልክ ናቸው። ያስቸገረን ነገር፣ በመንደሩ ልክ የሆኑት እሳቸው ብቻ መሆናቸው ነው።

የኔታ በሒሳብም አይታሙም። ባሕረ ሐሳብ ያወጣሉ። ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ዘመን ይደምሩና ለአራት ያካፍሉታል፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ወረቀት አይፈልጉም፤ የጣታቸው አንጓ ይበቃቸዋል። ከዚያ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን አውጥተው ፋሲካ መቼ እንደሚውል ቡናው ሳይፈላ ይነግሩዎታል።

ታዲያ አራተኛ ክፍል ያለ የጎረቤት ልጅ "7518ን ለ4 አካፍልና ድርሻውንና ቀሪውን ጻፍ" የሚል የቤት ሥራ ተሰጠው። የኔታ ሲያልፉ ቁጥሩን ሲጠራ ሰሙት። ቆም አሉ። ያ ቁጥር እኮ 2018 ሲደመር 5500 ነው! በዚያው ዓመት ያወጡት ሒሳብ ነው። በጣታቸው እንኳ ሳይነኩት "1879 ይደርሳል፤ ማርቆስ ይተርፋል" ብለው አለፉ። ልጁ የተማረ አክባሪ ነውና እንደሰማው ጻፈ፦ ድርሻ 1879፣ ቀሪ ማርቆስ። በማግሥቱ ደብተሩ ላይ ኤክሷ ከማርቆስ ራስ እስከ እግሩ ተጋድማ ተመለሰች። ስሙን በትክክል ስለመጻፉ እንኳ ግማሽ ነጥብ አልታሰበለትም።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ማንን እንደሚጠይቁ ግን አይባልም።

ሰዎች ፊደልና ቁጥር ሁለት ትምህርት ይመስሏቸዋል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ልብ ብለው ቢያዩት ግን ራሱ የብዜት ሠንጠረዥ ነው፤ 33 ወደ ታች፣ 7 ወደ ጎን፣ 231። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው ያሠራጩት ገበታ ስንቱን ትውልድ ሀሁ እንዳስባለ እግዜር ይቁጠረው። ቆሎ ተማሪው በስንደዶ እየጠቆመ ያነበነበውም፣ ዛሬ ልጆች ከደብተር ጀርባ ላይ "ሰባት ጊዜ ስምንት" እያሉ የሚያዜሙትም ያው ረድፍና ዓምድ ነው። ልዩነቱ ሰባት ጊዜ ስምንት ሁልጊዜ 56 መሆኑ ነው። ሀ ግን ማን ቤት እንደገባች ጠባይዋ ይለያያል።

ይህ ክርክር የኛ መንደር ብቻ አይደለም፤ ትልልቆቹም ተከራክረውበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው፤ የአማርኛ አጻጻፍ ይሻሻል ከሚሉት ወገን ነበሩ። ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል፤ አንባቢ "ገና" የተባለው በዓሉ ይሁን መዘግየቱ እንዳይምታታበት። ያች ነጥብ ተከታይ አላገኘችም። ልጆቻችን ዛሬም "አለ" የሚለውን ሲያነቡ ሰውየው ተናገረ ወይስ በሕይወት ኖረ የሚለውን ከመስመሩ መጨረሻ ተመልሰው ነው የሚወስኑት። የደራሲውን ስም ራሱን አሰላሁት፦ ሐዲስ 12፣ ዓለማየሁ 12። አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት 144። ከደብተር ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ የሚያበቃበት ቁጥር!

በነገራችን ላይ፣ በአገራችን ልብ ወለድ ውስጥ የታወቀው አስጠኚ የኛው አካባቢ ልጅ ነው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ትገኛለች። የፍቅር እስከ መቃብሩ፣ የማንኩሳው በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ትምህርቱ የት እንደደረሰ አገር ያውቃል። አሁንም አስጠኚ ሲቀጠር አባት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ፊት ለፊት ቡናውን ይዞ የሚቀመጠው ያን መጽሐፍ አንብቦ ይመስለኛል። ያላነበበውም በሬዲዮ ሰምቶታል።

እኔ በዚህ ወግ ውስጥ "ሄጀ" ብየ ስጽፍ የአዲስ አበባ አንባቢ ዓይኑን ሳያሽ አልቀረም። እሱ "ሄጄ" ነው የሚለው። ጎጃም ውስጥ ግን ሰው መጥቸ፣ በልቸ፣ ጠጥቸ ይላል እንጂ አፉን እስከ "ቼ" ድረስ አይከፍትም። ልጅቱ በቤቷ የሰማችውን "በልቸ" ብላ ጻፈች። ቴሌቪዥን የሚያዘወትረው ታላቅ ወንድሟ "በልቼ ነው" ብሎ አረማት። አያቷ ደግሞ "ኧረ የበላሽውን ብይና ዝም በይ፣ እዚህ ማንም እንዲያ ብሎ በልቶ አያውቅም" አሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኸው ነው። ለማን ይፈረድ? እኔ ለአያቷ ፈርጀ ዝም አልሁ።

የቃላት እርባታ ከመጣ ደግሞ ልጆች ከእኛ ይበልጣሉ። መልመጃው "በምሳሌው መሠረት ሙሉ" ይላል፤ ምሳሌው ሮጠ፣ ሯጭ፣ ሩጫ። ከታች ባዶ ቦታ አለ፤ ቃሉን መምረጥ የልጆቹ ነው። ያ የማርቆሱ ልጅ "ሞተ" ብሎ ጀመረ፤ "ሟች" ብሎ ቀጠለ፤ "ሙቻ" ብሎ ጨረሰ።

ሣቄን ውጨ አሰብሁበት። ጠ ወደ ጭ ስትሄድ ተ ወደ ች ሄዳለች፤ ሯጭና ሟች ወንድማማች ናቸው። ታዲያ ሩጫ ካለች ሙቻ ምን በደለች? ሰዋስው አዋቂ ቢያየው ግንባሩን ይስመው ነበር። "እንዲህ የሚባል ቃል የለም" ስለው "ለምን?" አለኝ። "ሞት ስለሚበቃን" አልሁት። ልጁ በመልሴ አልረካም፤ እኔም አልረካሁም።

ልጆች እንዲህ ሕጉን ይዘው ወደፊት ሲሮጡ አዋቂዎች ምን ስናደርግ እንገኛለን? "መምህራኖች" እንላለን። መምህራን ስንል ብዙ ሆነው ያለቁትን ሰዎች አንድ ጊዜ ደግመን እናበዛቸዋለን። ሕፃናቶች፣ ካህናቶች። የመምህራኑን ደመወዝ ማብዛት ቢያቅተን ስማቸውን አብዝተን ልንክሳቸው ነው መሰል። ልጅ "ልጆችዎች" ቢል ግን ክፍሉ ሁሉ ይሥቅበታል። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ "ጅጋ"፣ ሌላው "ጂጋ" ብሎ ይጽፋል፤ ፍኖተ ሰላም በእሳቱም በንጉሡም ሰ ትጻፋለች። ከሁለቱ አንዱን ይዠ ልጅ ላርም ብል የሌላኛው ሰሌዳ ባለቤት ይቀየመኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሰሌዳ ደግሞ ከወረቀት ይጠነክራል።

ሒሳቡ ላይ ልመለስ። የልጆቻችን ችግር አለመቻል አይመስለኝም። በገበያ ቀን በርበሬ ከምትሸጥ እናቷ ጎን የተቀመጠች ልጅ ሁለት ኪሎ ተኩል ስንት ብር እንደሚመጣ ገዢው ቦርሳውን ሳይፈታ ትነግረዋለች፤ መልሱንም ሳትሳሳት ትቆጥራለች። ደብተር ላይ "2.5 ×" የሚል ሲመጣ ነው እጇ የሚታሰረው። ነጥቧን ታያታለች፤ ከኪሎው ጋር ግን አታገናኛትም። ማንም ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ አልነገራትማ።

ጥያቄዎቹም አንዳንዴ አገር አያውቁም። "አንድ ገበሬ 48 በጎቹን በ4 በረቶች እኩል ቢያካፍል በአንዱ በረት ስንት በግ ይኖራል?" ብየ ደጃፍ ላይ የማስጠናቸውን ልጆች ስጠይቅ ከገጠር ለትምህርት መጥቶ ዘመድ ቤት የሚኖረው ልጅ እጁን አወጣ። "ግልገሎቹስ?" አለ። "ግልገል ከእናቱ ከተለየ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። አውራውን በግ ደግሞ ለብቻ ነው።" አራት በረት ያለውን ገበሬም አያውቀውም። 12 የሚለውን መልስ ኋላ ላይ ሰጠኝ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል።

ሌላው ደግሞ የመኪናው ጥያቄ ነው። "አንድ ሚኒባስ ከደምበጫ በ3 ሰዓት ተነሥቶ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በ4 ሰዓት ከደምበጫ ምን ያህል ይርቃል?" የእህቴ ልጅ አጥርታ፣ አንዲት ሆሄ ሳታዛንፍ መልሱን ጻፈች፦ "ሲሞላ ነው የሚነሣው።"

ይህን ኤክስ የሚያደርግ እጅ በደምበጫ መናኸሪያ ተቀምጦ አያውቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ብዙ ልጅ ከቤት ሲቀር ደጃፉ የጨዋታ ቦታ ብቻ አልሆነም። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመችው ልጅ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመውን ታስጠናለች። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኩራዝ ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ ያኔ ያስተማራቸው ዘማች ከልጃቸው የማይበልጥ ጎረምሳ ነበር። ያን ብድር ይመስላል አሁን ለሕፃናቱ የሚከፍሉት። የሚያውቁት ሀ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያው ስማቸውን ይጽፋሉ፣ በዚያው ለማዳበሪያ ይፈርማሉ፣ በዚያው የዘመድ ደብዳቤ ያነባሉ። ሐመሩና ብዙኀኑ መኖራቸውን ልጆቹ ሲነግሯቸው "ሦስቱም ሀ ከሆኑ ሁለቱ ምን ሊሠሩ መጡ?" አሉ። የኔታ በዚያ በኩል ባለማለፋቸው ደስ አለኝ።

እኔስ? ፊደሎቹ ይቀነሱ ከሚሉትም አይቀነሱ ከሚሉትም ጋር ቡና እጠጣለሁ። ልጅ ግን አንዱን መርጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንደያዘችው ከዘለቀች ቀዩን ኪሴ ውስጥ አኖራለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ድክመቴን ቶሎ ነው የያዘችው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን "ከ1 እስከ 1000 ካሉት ቁጥሮች የፈለጋችሁትን አሥር መርጣችሁ በፊደል ጻፉ" አልኋቸው። ሌሎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ጀመሩ፤ አራት ላይ ሳይደርሱ በአ ጉዳይ ተጣሉ። እሷ ጥግ ይዛ ጸጥ አለች። ደብተሯን ስታመጣልኝ እንዲህ ይላል፦ ዘጠኝ፣ ዘጠና፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ፣ መቶ ዘጠኝ፣ መቶ ዘጠና፣ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠኝ መቶ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

አየኋት። ዘ አንድ ናት። ጠ አንድ ናት። ኝ፣ ና፣ መ፣ ቶ... ሁሉም ወንድም እህት የሌላቸው። ከሺ በታች ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ሁለት ዓይነት የማይጻፉትን ለቅማ አውጥታለች! ቁጭ ብየ ብቆጥር እንዲህ ያሉት 11 ብቻ ናቸው፤ አንዷን፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠናን፣ አሥር ስለተባለች ትታታለች።

"ሺስ?" አልኋት። "ሺን አንዳንዱ ሰው ህ ይጨምርባታል" አለች። "ዜሮም አንድ ዓይነት ብቻ ናት፤ ግን ከ1 ጀምሩ አልኸን። ደግሞም ዜሮን መምህራን ራሳቸው ይጽፉልናል።"

ልብስ ሰፊው መጥቶ አየ፤ ስሕተት አጣ። ዲያቆኑ አየ፤ ዝም አለ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። ወሬው ሄዶ ከባንክ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋር ደረሰና ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ እስከ ታች ወረዱ፤ ከታች እስከ ላይ ወጡ። ጣታቸው አራተኛዋ ላይ ቆመች።

"ይቺ ትክክል አይደለችም" አሉ። "'መቶ' ተብሎ ብቻውን አይጻፍም፤ 'አንድ መቶ' ነው። ቼክ ላይ መቶ ብለሽ ብትተይው ሌባ ከፊቱ ዘጠኝ ጨምሮ ዘጠኝ መቶ ብር ያወጣብሻል!"

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሣች።

"እሽ አባባ፤ አንዱን በየትኛው አ ልጻፈው?"